«አባ» የሚለው ቃል ሲከብድ
(በእሁዱ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የማወራው ነገር ከበድ ይላል። መሀል ላይ ያስቸገራት ካለች ተነስታ በረንዳ ላይ ንፋስ ትውሰድ፣ ማንም ምን ሆንሽ አይላትም።

የማወራው ሰው ስለሚደፍሩ የሃይማኖት አባቶች ነው። ሁሉም እንዲህ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቻችን እዚህ አገር አእምሯችንን ሳንስት የቆየነው በጸሎት ነው። ግን ቄስም ሆኖ፣ ፓስተርም ሆኖ፣ ሼህም ሆኖ የሚያደርገው አለ። የተደረገባት እህት ውስጧ ምን እንደሚሆን ካላወቅን ደግሞ ልርዳት ስንል እንጎዳታለን።

እዚሁ ሊባኖስ የሚታወቀውን ልንገራችሁ። መንሱር ላባኪ የሚባል የማሮናይት ቄስ ነበር። መዝሙር ይደርሳል፣ መጽሐፍ ይጽፋል። በጦርነቱ ጊዜ ወላጅ ያጡ የሊባኖስ ልጆችን ፈረንሳይ ወስዶ ስላሳደገ ሰው እንደ ቅዱስ ነበር የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቫቲካን ሕፃናትን ደፍሯል ብላ ፈረደችበት። በ2021 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ካን በምትባል ከተማ ያለ ፍርድ ቤት በሌለበት 15 ዓመት እስር ፈረደበት። እሱ አላደረግኩም አለ፣ ሊባኖስም አሳልፋ አልሰጠችውም። ስም ማጥፋት ነው ብሎ የተሟገተለትም ብዙ ነው። እስቲ አስቡት፣ ከእነዚያ ልጆች አንዷ አድጋ ቤተክርስቲያን ስትገባ እሱ የደረሰው መዝሙር ሲዘመር ብትሰማ!

ሌላ ሰው ቢደፍራት ሮጣ የምትሸሸው ወደ ቤተክርስቲያን ነው። እሷ ግን መሸሻዋ ራሱ ነው የተወሰደባት። በእኛ ቋንቋ ቄሱንም «አባ» ነው የምንለው፣ ስንጸልይም «አባታችን ሆይ» ብለን ነው የምንጀምረው። ያ ቃል ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል። መስቀል ልትሳለም ስትጠጋ የምታየው መስቀሉን ሳይሆን የያዘውን እጅ ነው። ዕጣን ሲሸታት ላብ ያጠምቃታል። ሰው ግን ይህን ሲያይ «ሰፍሮባት ነው፣ ጠበል ውሰዷት» ይላል። ወዴት ነው የምትወሰደው? ሌላ አባት ጋ!

ከዚያ ደግሞ ሐሳቡ አለ። «እግዚአብሔር እያየ ዝም አለ። እሱ በማግስቱ መቅደስ ገብቶ ቀደሰ፣ እሳት አልወረደበትም። እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው» ትላለች። እሱም ቢሆን «አንቺ ነሽ ያሰናከልሽኝ» ብሏት ይሆናል። ስለዚህ ባልሠራችው ኃጢአት ንስሐ ስትገባ፣ ስትጾም፣ ስትሰግድ ትኖራለች። ንስሐ እኮ ሰው ለሠራው ነው፣ ለተሠራበት አይደለም። ሕዝቅኤል 34ን ያነበበ ያውቃል፣ እግዚአብሔር እዚያ ላይ የሚቆጣው በጎቹን በሚበሉት እረኞች ላይ ነው፤ የተበሉትን በጎች አይቆጣም።

«ለምን አልጮኽሽም?» የሚለውን ጥያቄ እባካችሁ እንተወው። ሰው በጣም ሲደነግጥ አካሉ ድርቅ ይላል፣ ድምፅ እምቢ ይላል። ብዙዎችም የሚናገሩት ከሃያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። «ትልቅ ሴት ናት፣ ፈቅዳ ነው» የምትሉም አላችሁ። ፖፕ ፍራንሲስ በ2019 ከአቡዳቢ ሲመለሱ አውሮፕላን ላይ ተጠይቀው ካህናት መነኮሳይያትን እንደደፈሩ አምነዋል። መነኩሲት ሕፃን አይደለችም። ግን ነፍሷን በእጁ የያዘ፣ ምስጢሯን ሁሉ የሰማ ሰው ሲያዛት እምቢ ማለት ቀላል ነው?

የእኛ ደግሞ የባሰ ነው። እዚህ ቤተክርስቲያን ማለት እሁድ ማለት ነው። አማርኛ የምንሰማበት፣ ወሬ የምንጠይቅበት፣ ብር የምንልክበት ቀን። አንዳንዷን ማዳሟ የምትለቃት «ቤተክርስቲያን ልሂድ» ካለች ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅ ወይ ያ ሰው ያለበት ሄዳ ትቀመጣለች፣ ወይ በር ተቆልፎባት ትውላለች። ድንገት መምጣት ያቆመች እህት ካለች «እምነቷ ቀዘቀዘ» ከማለታችን በፊት እንደውልላት።

ብትነግራችሁ እመኗት። ለሌላ ሰው አትንገሩባት፣ ለጸሎት ብላችሁም ቢሆን። «ይቅር በይው» አትበሏት፤ ይቅርታ የራሷ ነው፣ ስትፈልግ፣ ከፈለገች። መጸለይ ካቃታት አታስጨንቋት፣ አብራችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አንዲት ልጅ ለሁለት ዓመት መዝሙረ ዳዊቷን ከሻንጣ አላወጣችም። አሁን በስልክ ትሰማለች፣ ጧት ጧት ሰሃን ስታጥብ። ቤተክርስቲያን ግን አልገባችም፣ ላትገባም ትችላለች። ሌላዋ ደግሞ ቦታ ቀይራ ታስቀድሳለች። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ነገሩ ገና የሆነ እንደሆነ ግን ጊዜ አታባክኑ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና መከላከያውም እስከ አምስት ቀን ነው። የለበሰችውን ልብስ አትጠቡት፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ወረቀት የላትም ብላችሁ ሐኪም ቤት ከመሄድ አትቅሩ፣ ብቻዋን ግን አትሂድ። ከመካከላችን አረብኛ የምትችል አንዷ አብራት ትሂድ። መሞት እፈልጋለሁ ካለች ደግሞ ማታ ብቻዋን አትተዋት፣ በስልክም ቢሆን።

እኔ ሻይ እስኪፈላ ከኋላ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ። መናገር የምትፈልግ ትምጣ፣ ዝም ብላ መቀመጥ የምትፈልግም ትምጣ።