ባዶ ክኒን የደረሳቸው ሰዎች



ዛሬ አንድ የካንሰር መድኃኒት እንዴት እንደተሞከረ እንነግራችኋለን። ርእሱን የመረጥነው በሽተኛ የሚያስታምሙ አባሎቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ስላለ ነው፦ «አዲስ መድኃኒት ልንሞክርለት ነው፣ ፈርሙ አሉን። መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው ወይ?» «አይዞሽ» ብለን ከምናልፈው፣ በእርግጥ የተደረገ አንድ ሙከራ ብንተርክላችሁ ይሻላል አልን።

መድኃኒቱ ሶራፌኒብ ይባላል፤ የሚዋጥ ክኒን ነው። የተሞከረው ከኩላሊት አልፎ ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ ሌላ አካል ለተሰራጨ ካንሰር ነው። ይህን ካንሰር የተለመደው ኬሞቴራፒ እምብዛም አይበግረውም። በፊት ይሰጡ የነበሩት ኢንተርፌሮንና ኢንተርሉኪን ደግሞ የሚጠቅሙት ጥቂቱን፣ የሚያደክሙት ብዙውን ነበር። የኩላሊት ካንሰር ለማደግ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ ስለዚህ አዳዲስ የደም ስሮች ወደ እሱ እንዲበቅሉ መልእክት ይልካል። ክኒኑ ያንን መልእክት ያግዳል።

ችግሩ ግን ይህ ነው፦ ክኒኑ ዕጢውን ብዙ ጊዜ አያሟሽሸውም፤ ባለበት ያቆመዋል እንጂ። በትልቁ ሙከራ ዕጢያቸው በግልጽ ያነሰላቸው ከ100 ሰው 10 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የኩላሊት ካንሰር ደግሞ አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ዝም ብሎ ይከርማል። ታዲያ ያቆመው መድኃኒቱ ይሁን በሽታው ራሱ በምን ይለያል? መለያው ማወዳደር ብቻ ነው፤ ለማወዳደር ደግሞ መድኃኒት የሌለበት፣ መልኩ ግን አንድ የሆነ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

ለትልቁ ሙከራ 903 ሰዎች ፈረሙ። ሁሉም ሌላ ሕክምና ሞክረው በሽታው ያልተመለሰላቸው ናቸው። በዕጣ ተከፈሉ፦ 451ዱ ሶራፌኒብ፣ 452ቱ ባዶ ክኒን። እንደ ዕቁብ ዕጣ ነው እንዳንል፣ በዕቁብ ማን እንደወጣለት ሁሉም ያያል። እዚህ ግን በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቁም፤ ቢያውቁ ተስፋቸው ውጤቱን ያዛባዋልና። በተግባር ግን አንዳንዱ ሳይገምት አልቀረም፤ መድኃኒቱ የእጅ መዳፍና የውስጥ እግር ያቀላል፣ ያቃጥላል፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ የደም ግፊትም ከፍ ያደርጋል።

ውጤቱን በየጊዜው የሚመረምር ገለልተኛ ቡድን ነበር። መድኃኒቱን በወሰዱት ካንሰሩ ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 5.5 ወር፣ ባዶውን በወሰዱት 2.8 ወር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ባዶ ክኒን ለደረሳቸው ሁሉ እውነተኛው እንዲሰጣቸው ተወሰነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሶራፌኒብን ፈቀደ።

ወደ መድኃኒቱ የተሻገሩት ግን ከ452ቱ ግማሽ ያህሉ ናቸው። ለሌሎቹ ዕጣው ዳግም አልወጣም።

ውሳኔው ዋጋም ነበረው። ባዶውን የወሰዱት መድኃኒቱን በመጀመራቸው፣ ክኒኑ ዕድሜ ያረዝማል ወይስ አያረዝምም የሚለው ጥያቄ ደበዘዘ። በመጨረሻው ስሌት መካከለኛው ዕድሜ 17.8 ወርና 15.2 ወር ነበር፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ አይደለም ለማለት አላስቻለም። ሙከራው እንደተጀመረ መቀጠል ነበረበት፣ መልሱም ይጠራ ነበር የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የሚጠቅመው ከታወቀ በኋላ ለቁጥር መጥራት ሲባል ባዶ ክኒን መስጠት ለእኛ ሕክምና አይደለም። ቢሆንም ያ 2.8 ወር ባይመዘገብ ኖሮ 5.5ቱ ምን ያህል እንደሆነ ማን ያውቅ ነበር? ባዶውን የዋጡት ሰዎች ለሌላው በሽተኛ የሰጡት ይህንን ነው።

እንግዲህ ወረቀት ሲሰጧችሁ እዚያው አትፈርሙ፤ ይዛችሁ ለመሄድና ለማሰብ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ባዶ ክኒን አለበት ወይ? በሽታው ከባሰ ምን ይደረጋል? መሻገር ይቻላል? ሙከራው ሲያልቅ መድኃኒቱን ማን ይሰጣል? ከፈረመ በኋላም በማንኛውም ቀን «ይበቃኛል» ማለት እንደሚችል ለበሽተኛው ንገሩት። ወረቀቱ በማይገባችሁ ቋንቋ ከሆነ ወደ እኛ አምጡት። አብረን ቁጭ ብለን በአማርኛ እናነበዋለን፤ ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱም አንዳችን አብራችሁ ትሄዳለች።