«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብና የመለዋወጫ ጥያቄ



ከባሕር እጅግ ርቀን በሲኤምሲ ተሰብስበን ስለ መርከብ መነጋገራችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አገራችን በ2018 የባሕር ኃይሏን መልሳ እንደምታቋቁም ካሳወቀች ወዲህ፣ የአንዲት መርከብ የአገልግሎት ታሪክ የሁላችንም ትምህርት ሆኗል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መርከቧ በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በጥር 1944 «ኦርካ» በሚል ስም አገልግሎት ጀመረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የዲዝል ሞተሮቿ ወደ 6,000 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ዋና ተግባሯ ሌሎችን ማገልገል ነበር፤ በውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ፣ ጥይት፣ መለዋወጫና የጥገና አገልግሎት ታቀርብ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በፊሊፒንስ ባሕር ይህንኑ ፈጽማለች። በ1947 ከአገልግሎት ወጣች፤ በ1951 ተመለሰች፤ በ1960 እንደገና ቆመች። በጥር 1962 ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ ምጽዋንም መነሻዋ አድርጋ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወደ እኛ ስትመጣ ዕድሜዋ 18 ዓመት ነበር። የዚህ ዓይነት መርከቦች የተሠሩት ለጦርነቱ ዘመን ነው፤ ጥቂት እኅቶቿ በኖርዌይና በጣሊያን ቢያገለግሉም፣ ቁጥራቸው በየጊዜው እየተመናመነ ሄደ። መርከቦቹ ሲቀነሱ ዕቃቸውን የሚሠራ ፋብሪካም ይቀንሳል። የፒስተን ፋሻ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን በዋጋ ትንንሽ ናቸው፤ ከጠፉ ግን ግዙፉን ሞተር ያቆማሉ። አንዳንዱ በቶርኖ ቤት ሊበጅ ይችላል፤ ብረቱ፣ ልኩና ሙቀት የመቋቋም አቅሙ በትክክል ካልታወቀ ግን የተበጀው ዕቃ ሌላውን ይሰብራል።

በሚያዝያ 1977 መንግሥት የአሜሪካን ወታደራዊ ተቋማት ዘጋ፤ ከዚያች አገር የሚመጣው የጦር መሣሪያ አቅርቦትም ተቋረጠ። መርከቧ ከእኛ ጋር ቀረች፤ የዕቃዋ ምንጭ ግን ከማዶ ቀረ። በ1980ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት መርከቦች በሌላ ልክና በሌላ ቋንቋ የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው የሚሆን አልነበረም። መለዋወጫ ልታድል የተሠራችው መርከብ ራሷ መለዋወጫ ጠባቂ ሆነች። ምጽዋ በየካቲት 1990 ከመንግሥት እጅ ወጣች፤ «ኢትዮጵያ» በ1991 ወደ የመን ሄደች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

የመጨረሻውን ዕጣዋን ያመጣው የመለዋወጫ እጦት ነው ማለቴ አይደለም፤ ጦርነትና ፖለቲካ ወስነውታል። የኔ ነጥብ ሌላ ነው። መርከብን የራስ የሚያደርገው በጎኗ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ አይደለም። የትኛው ክፍል በስንት ሰዓት ሥራ እንደሚያልቅ የሚመዘግብ መዝገብ፣ መዝገቡን አንብቦ ዕቃው ሳይሰበር አስቀድሞ የሚያዝዝ ባለሙያ፣ ያዘዘውንም ከአንድ በላይ ከሆነ ምንጭ የሚያገኝ ተቋም ያስፈልጋል።

ዛሬ ስለ አዲስ መርከብ ስንነጋገር ስለ ዋጋዋና ስለ ወደቧ እንጠይቃለን። እናንተ የምሕንድስናና የአስተዳደር ተማሪዎች ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ በ20ኛው ዓመቷ የሚያስፈልጋትን ኩሽኔታ ማን ይሠራል? መልሱ ውሉ ሳይፈረም በፊት ካልተገኘ፣ የምንረከበው መርከብ ሳይሆን ጥገኝነት ነው።