ስለ ከተማችን መንገዶች መገናኘት የተደረገ ንግግር





በዚህ አገር ስለ መንገድ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የዐፄ ቴዎድሮስ ሥራ ነው። በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን ይዘው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ ገደሉን እያስናዱ፥ ቋጥኙን እያስፈለጡ፥ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሲነሡ ግን ከተማውን አቃጥለውት ሄዱ፤ ስለዚህ የመንገድ ታሪክ ለከተማችን ሁልጊዜ መልካም አልነበረም።

የዛሬው ችግራችን የሩቅ መንገድ አይደለም። ወደ ወረታና ወደ ወልድያ የሚያደርሰን አለን። የቸገረን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት መድረስ ነው።

ከተማችን በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 22,455 ሕዝብ ነበረው፤ በ1999 ዓ.ም. 55,596 ሆነ። ዩኒቨርሲቲው በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህም ቤት ፈላጊው በዝቷል። ታዲያ በገብሱና በድንቹ ማሳ ላይ ቤት የሚሠራበትን አኳኋን እንመልከት። መሬት መሸጥ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፥ አንዱ ገበሬ ከማሳው ጥቂት ቆርሶ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ያጥራል። ቀጥሎ ሁለተኛው፥ ሦስተኛው። ሕዝቡ የጨረቃ ቤት የሚለው ይህን ነው። ወደ መጨረሻው በር የምታደርስ አንዲት ቀጭን መንገድ ትቀራለች፤ እርስዋም ከሌላው ገበሬ ድንበር ስትደርስ በባሕር ዛፍ አጥር ትዘጋለች። በወዲያኛውም ማሳ እንዲሁ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም የራሱን በር ብቻ አሰበ። እንግዲህ ጀርባ ለጀርባ በተሠሩ ሁለት ቤቶች መካከል 20 ክንድ ብቻ ቢኖር እንኳ፥ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ለመሄድ እስከ ዋናው መንገድ ወርዶ እንደ ገና መውጣት ግድ ነው።

ይህ ለተማሪ ድካም ነው፤ ድካም ግን ይረሳል። የማይረሳው በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ነገር ነው። ባጃጁ ከዋናው መንገድ ላይ ይቆማል፤ እርስዋ በቃሬዛ ትወርዳለች። እሳት ቢነሣም ውሃ የጫነው መኪና ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ጭሱን ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ባሪንግተን ሊ እና ሚላርድ ቦል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ባሳተሙት ጥናት፥ ከ1975 ወዲህ በብዙ አገሮች የሚሠሩት መንገዶች ከቀድሞዎቹ ይልቅ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ እየሆኑ መሄዳቸውን አስረድተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ድርጅትም ከከተማ መሬት 30 ከመቶው ለመንገድ እንዲተው፥ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትርም ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲኖር ይመክራል። እኛ ግን ከርዝመቱ መገናኘቱን እናስቀድማለን፤ ጫፉ የተዘጋ መንገድ ጆንያ ነውና።

ከእናንተ ከወላጆቻችን መካከል በቀበሌ የምትሠሩ፥ የቤት ማኅበርም ያቋቋማችሁ አላችሁ። የምንለምናችሁ ይህን ነው። ማሳው ገና ማሳ ሳለ ከአጥር በፊት የመንገድ ችካል ይተከል፤ የአንዱም ማሳ መንገድ ከጎረቤቱ ማሳ መንገድ ጋር ይግጠም። መሬቱ የሚሄድበት ገበሬ ካሣው በጊዜው ይከፈለው፤ አለዚያ ችካሉ በሌሊት ይነቀላል። በድንጋይ የታጠረውን ለመክፈት ብዙ ገንዘብና ብዙ ሙግት ያስፈልጋል። በባሕር ዛፍ ብቻ የታጠረው ግን ባለቤቶቹ ከተስማሙ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እንጨቱን ለመንቀል እኛ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ዝግጁ ነን።