ከቢከር እስከ ቦኖ



ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፣ በዝዋይና በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚያልፍ መንገደኛ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆችና ወጣቶች ያጋጥሙታል። የአንዳንዱ ጥርስ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ብቻ አለበት፤ የሌላው ቡናማ ሆኗል፤ የባሰበት ደግሞ ተሸርፏል። ይህን ያመጣው የጽዳት ጉድለት አይደለም። ልጁ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ሲጠጣው የኖረው ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ከ10 ሚሊግራም የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። በዚያው ውሃ ሊጥ ይቦካል፣ ወጥ ይሠራል፣ ሻይ ይፈላል፤ ስለዚህ ፍሎራይዱ በመጠጥ ብቻ ሳይሆን በመሶቡም በኩል ይገባል። ለብዙ ዓመታት ሲጠራቀም ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ አጥንት ላይ ይደርሳል፤ አከርካሪና መገጣጠሚያ ይደነድናል፣ ነርቭም ይጨመቃል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ስምጥ ሸለቆው ፍሎሮሲስ ጥናት ካሳተሙ እነሆ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። (በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሽታው ታውቋል፣ ምክንያቱም ታውቋል። የቀረው የመሐንዲሱ ሥራ ነው።

ስለ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ሊናገር የቆመ ሰው ከጉድጓድ ውሃ የጀመረው ለዚህ ነው። ኬሚካል ምህንድስና፣ ማቴሪያል ምህንድስናና አካባቢ ምህንድስና በየትምህርት ክፍላቸው ተለያይተው ይሰጣሉ፤ እዚህ ጉድጓድ አጠገብ ሲደርሱ ግን ጥያቄያቸው አንድ ይሆናል። የማስተርስም ሆነ የፒኤችዲ ጥናት ከላብራቶሪ ጠረጴዛ አንሥቶ ሰው እስከሚቀዳበት ቦኖ ድረስ ያለውን መንገድ የጥናቱ አካል አድርጎ መያዝ ይገባዋል። ብዙ ጥናት ግን ያንን መንገድ ሳይጀምረው ያበቃል።

ነገሩን ከመሬት በታች መጀመር ይሻላል። የስምጥ ሸለቆ ወለል በእሳተ ገሞራ አለትና አመድ የተሞላ ነው። ውሃው በዚህ አለት መካከል ለረጅም ጊዜ ሲመላለስ፣ አንዳንድ ቦታም ከምድር ውስጥ በሚመጣ ሙቀት ሲግል፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት እየበዙበት ካልሲየሙ እያነሰ ይሄዳል። ካልሲየም በበቂ መጠን ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ፍሎራይት የሚባል ማዕድን ሆኖ በዘቀጠ ነበር። ካልሲየሙ በመመናመኑ ፍሎራይዱ እንደሟሟ ይቀራል። ለማጣሪያ ነዳፊው ይህ የጂኦሎጂ ትርፍ ወሬ አይደለም፤ ፍሎራይዱ እንዲበዛ የረዳው ባይካርቦኔትና ብዙ ጊዜ 8 የሚደርሰው ወይም የሚያልፈው ፒኤች በኋላ የማጣሪያውንም ሥራ የሚያውኩት እነርሱ ናቸው።

ፍሎራይድን ከውሃ ለማውጣት በስፋት ከሚጠኑት ዘዴዎች አንዱ አድሶርፕሽን ነው። የሟሟው ነገር በጠጣር ቅንጣት ገጽ ላይ ተይዞ ይቀራል፤ ውሃው ያልፋል። በዚህ ርዕስ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገለጥ የላንግሙርን ቀመር አለማግኘት ያስቸግራል። ኧርቪንግ ላንግሙር በ1903 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሜታለርጂ ምህንድስና ተመርቆ፣ ጀርመን አገር ጌቲንገን ሄዶ በዋልተር ኔርንስት ሥር ዶክትሬቱን በ1906 አገኘ። ጥናቱ ጋዞች በጋለ የፕላቲነም ሽቦ አጠገብ ምን እንደሚሆኑ የሚመረምር ነበር። በኋላ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ላብራቶሪ ተቀጥሮ የአምፖል ሽቦ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅና አምፖሉ ለምን እንደሚጠቁር ሲመረምር፣ ጋዝ በጠጣር ገጽ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ወደሚለው ጥያቄ ገባ። በ1918 ያሳተመው ቀመር ከዚያ ሥራ የበቀለ ነው፤ የገጽ ኬሚስትሪ ሥራውም በ1932 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ዛሬ በየላብራቶሪው የሚሠራበት ቀመር የተወለደው የአንድ ፋብሪካ ዕቃ በመበላሸቱ መሆኑን ተማሪዎች ቢያውቁት መልካም ነው።

አሁን ወደ ተለመደው የላብራቶሪ ሥራ እንመለስ። ተማሪው ሶዲየም ፍሎራይድ መዝኖ በተጣራ ውሃ ያሟሟል። ከቢከሩ ውስጥ የተወሰነ ግራም ቅንጣት ይጨምራል፣ ማወዛወዣው ላይ ያስቀምጣል፣ በየሰዓቱ ናሙና ይቀዳል፣ በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ይለካል። ፒኤቹን ዝቅ ሲያደርገው ውጤቱ ያምራል፤ አሉሚና ለምሳሌ ፍሎራይድን አጥብቆ የሚይዘው ፒኤቹ ከ5 እስከ 6 አካባቢ ሲሆን ነው። ግራፉ ይሳላል፣ ቀመሩ ይገጥማል፣ ዲፌንሱም ይሳካል። ያ ቅንጣት ወደ መቂ ቢወሰድ የሚያገኘው ውሃ ግን ሌላ ነው። ፒኤቹ ከፍ ያለ በመሆኑ የቅንጣቱ ገጽ አዎንታዊ ሙላቱን ያጣል፣ ባይካርቦኔቱም ቦታውን ይሻማል። በቢከር የታየው አቅም እዚያ በብዙ ይቀንሳል።

የቢከር ሙከራ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ደረጃ እርሱ ነው፤ ያለ እርሱ ቅንጣትን ከቅንጣት ማወዳደር አይቻልም። ጥፋቱ የመጀመሪያው ደረጃ የመጨረሻ ሲሆን ነው። ቀጣዩ ደረጃ ቅንጣቱን በቱቦ ውስጥ ሞልቶ እውነተኛ የጉድጓድ ውሃ ሳያቋርጡ ማሳለፍ፣ ከታች የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ በሊትር 1.5 ሚሊግራም እስኪያልፍ ያለፈውን ሊትር መቁጠር ነው። ይህ ሳምንታት ይወስዳል፣ መብራት በሄደ ቁጥር ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃውም ከሩቅ መመላለስ አለበት። ተማሪው ለምን እንደሚሸሸው መረዳት አያዳግትም፤ አማካሪውና ትምህርት ክፍሉ ግን ጊዜና በጀት ሰጥተው ሊያደፋፍሩት ይገባል።

ትምህርት ከሥራው ቦታ የሚርቅበትን ይህን ችግር ሌላው ዓለም የፈታበት መንገድ አለ። በ1916 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ዊልያም ዎከርና አርተር ሊትል ባቀነባበሩት ዕቅድ፣ የኬሚካል ምህንድስና የተግባር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ገንዘቡን የሰጠው የኮዳክ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን ነበር። አሠራሩ ቀላልም ደፋርም ነበር፤ ተማሪዎች በቡድን ወደ ፋብሪካ ይላካሉ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህርም አብሯቸው እዚያው ይቀመጣል፣ ፋብሪካውን ያስቸገረውን ጉዳይ ይዘው ይሠራሉ፣ ሪፖርታቸውንም ለፋብሪካው ሰዎች ቆመው ያቀርባሉ። ይህ ፕሮግራም ለማስተርስ ዲግሪ የሚያበቃ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። የመምህሩ አብሮ መውረድ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። በአገራችን ተማሪ ለተግባር ልምምድ ሲወጣ አማካሪው ብዙውን ጊዜ ካምፓስ ይቀራል።

የእንግሊዟ ማንችስተርም ሌላ ምሳሌ ትሰጣለች። ኬሚስቱ ጊልበርት ፋውለር በ1912 በማሳቹሴትስ ሎውረንስ የሙከራ ጣቢያ ፍሳሽ በአየር ሲታከም አይቶ ተመለሰ። ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት የተባሉት ሠራተኞች በዴቪሁልም የፍሳሽ ጣቢያ ሙከራውን ቀጠሉት። በፍሳሽ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ አየር ሲነፉበት ፍሳሹ እስኪጣራ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ከዚያ ወሳኙን ነገር አደረጉ፤ የዘቀጠውን ጭቃ ሳይደፉ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ይህን በደጋገሙት ቁጥር ጊዜው እያጠረ ሄዶ ወደ ሰዓታት ወረደ። ጭቃው የሕያዋን ተሕዋስያን ጥርቅም ነበርና። በ1914 ውጤቱን አቀረቡ፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ከተሞች ፍሳሻቸውን የሚያክሙበት ዘዴ የተወለደው እንዲህ ነው። ሙከራው የተሠራው በጣቢያው ውስጥ፣ የከተማዋን እውነተኛ ፍሳሽ እየቀዱ ነበር። በስኳርና በጨው ከተቀመመ ሰው ሠራሽ ፍሳሽ ይህን ጭቃ ማግኘት ይከብድ ነበር።

በአገራችን ጥሩ ጅምር የለም ማለት ስሕተት ይሆናል። በ2006 በኢትዮጵያ የኬሚስትሪ ማኅበር ጆርናል ላይ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ በአገር ውስጥ ከተመረተ አሉሚኒየም ሰልፌት በተሠራ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ፍሎራይድ መያዝ እንደሚቻል አሳይቷል። የጥሬ ዕቃው ምርጫ ሊደነቅ ይገባዋል፤ አሉሚኒየም ሰልፌት አዋሽ መልካሳ ላይ የሚመረት ነው፣ ከጉድጓዶቹም አይርቅም። ከዚህ በፊት በስምጥ ሸለቆ የተሞከሩ ሌሎች ዘዴዎችም አሉ። ከሕንድ የመጣውና ናልጎንዳ የሚባለው ዘዴ አሉምና ኖራ ውሃው ውስጥ በጥብጦ ማዝቀጥ ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ፍሎራይዱ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ብዙ አሉም ይፈልጋል፣ በየቀኑ የሚበጠብጥ ሰው ይፈልጋል፣ ጭቃም ያተርፋል። የአጥንት ከሰል ደግሞ በኬንያ ናኩሩ በሰፊው የተሠራበት ሲሆን በእኛም አገር ተሞክሯል። አጥንቱ ሙቀት አንሶት ከተቃጠለ ውሃው ይሸታል፤ ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ የመያዝ አቅሙ ይወድቃል። ለማቴሪያል መሐንዲሱ የሚስብ ጥያቄ ነው። ለአገሬው ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፦ አጥንቱ የምን እንስሳ ነው፣ ማንስ አረደው? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄውን ያልያዘ የመመረቂያ ጥናት የዘዴውን ዋና መሰናክል ዘሎታል።

የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎችም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣሉ። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከሚጨመርበት ክሮም ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ ቀሪው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ክሮሙን በማግኒዥየም ኦክሳይድ አዝቅጦ፣ በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ አሟሙቶ፣ ዳግም ለማልፋት ማዋል እንደሚቻል ከታወቀ ቆይቷል። አዲስ ቅንጣት ፍለጋ ከሚወጡ ጥናቶች ጥቂቶቹ እንኳ የታወቀው ዘዴ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያስወጣና ምን እንደሚያደናቅፈው ቢያጠኑ ፍሳሹ የሚገባበት ወንዝ ይጠቀማል።

ወደ ፍሎራይዱ ስንመለስ፣ የሚያስፈልገው ቅንጣት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ ቤተሰብ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በቀን 20 ሊትር ውሃ ይጠቀማል እንበል። ውሃው በሊትር 10 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው፤ ወደ 1.5 መውረድ አለበት። በቀን የሚወጣው ፍሎራይድ 170 ሚሊግራም ይሆናል። በእውነተኛው ውሃ ውስጥ አንድ ግራም ቅንጣት 2 ሚሊግራም ይይዛል ብንል፣ ቤተሰቡ በቀን 85 ግራም፣ በዓመት 31 ኪሎ ግራም ያህል ቅንጣት ያስፈልገዋል። ሁለት መቶ አባወራ ላለው ቀበሌ በዓመት ከስድስት ቶን በላይ ነው።

ይህን ስድስት ቶን ማን ያመርተዋል? በምን ዋጋ? አምራቹ ምድጃውን በምን ያነዳል? ቅንጣቱ በካስቲክ ሶዳ ታጥቦ ይመለሳል ከተባለ ፍሎራይድ የተከማቸበት እጣቢ የት ይደፋል? ማጣሪያው መሙላቱን የውሃ ኮሚቴው በምን ያውቃል? የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች የኬሚካልና የማቴሪያል መሐንዲሱ ናቸው፤ የኋለኞቹ የአካባቢ መሐንዲሱ ናቸው፤ አንዱም ለብቻው ተነጥሎ አይመለስም።

ስለዚህ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአምስት ኪሎ ካምፓስ፣ ለአዲስ አበባና ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለሌሎችም የሚቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሦስቱ ዘርፎች አንድ አንድ ተማሪ ይመደብ፤ ሦስቱም በአንድ በታወቀ ጉድጓድ ላይ ፕሮፖዛል ያቅርቡ። የሚመጣው ዓመት ተማሪዎች ሌላ ርዕስ ሳይፈልጉ ከቆሙበት ይቀጥሉ፣ መረጃውም ከቡድን ወደ ቡድን ይተላለፍ። በዲፌንሱ ቀን ከፈታኞቹ ጎን የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይቀመጥ፤ ውሃውን የምትቀዳ አንዲት እናትም ትጋበዝ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ እርሷ ትጠይቅ። ተማሪው በሚገባት አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይመልስላት።