ዋይፋዩ ነፃ ነው፤ ምስጢራችሁስ?

(ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ አባላት ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ መታቀብና ስለ ኮንዶም ልሰብካችሁ አልመጣሁም፤ እሱን በየዓመቱ ሰምታችሁታል። የመጣሁት ስለ ዋይፋይ ልናገር ነው። እንዴ፣ ኤች አይ ቪና ዋይፋይን ምን አገናኛቸው? ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝ።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የአራት ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢ እንዲያስተናግድ ተብሎ የተሠራ ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እዚያ ትሄዳላችሁ። ሁላችሁም የምትሄዱት ለመጽሐፍ ብቻ ነው ብዬ ግን ራሴን አላታልልም! የሞባይል ካርድ መሙያ ለሚቸግረው ተማሪ ነፃ ኢንተርኔት ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም በእናት በአባት ፊት አፍ የማይደፍረውን ጥያቄ ጣት ይጽፈዋል። በሥራዬ እንዳየሁት ወጣቱ ስለ ኤች አይ ቪ ከሐኪም በፊት የሚጠይቀው ስልኩን ነው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አውቃለሁ። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ያለው ከልደቷ ጀምሮ ነው፤ መድኃኒቷን በየቀኑ ትወስዳለች። አንድ ቀን ስልኳ ላይ ኤች አይ ቪን በሦስት ሳምንት ጠራርጎ ያወጣል የተባለ የባህል መድኃኒት ማስታወቂያ ታያለች። እውነት ይሆን እንዴ? ብላ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ትልና የምትወስደውን መድኃኒት ስም ጽፋ «ባቋርጠው ምን እሆናለሁ?» ብላ ትፈልጋለች። ከኋላዋ የተቀመጠው የክፍሏ ልጅ ስክሪኗን አነበበ። በማግስቱ ወሬው ክፍሉን አዳረሰው። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረች። ቤቷ ስሄድ አያቷ በር ላይ ተቀብለውኝ «ልጄ፣ በሽታው ያልጣላትን ወሬው ሊጥላት ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ምስጢሯ የወጣው በዓይን ነው። ስለ ጠላፊ ከማሰባችሁ በፊት ከኋላችሁ ማን እንደተቀመጠ እዩ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ።

ስለ ዋይፋዩም ቢሆን የምለው አለ። የድረ ገጹ አድራሻ በ«ኤችቲቲፒኤስ» የሚጀምር ከሆነ የምትጽፉትና የምታነቡት ተመስጥሮ ነው የሚሄደው። በዚያው መስመር ላይ ያለ ሌላ ሰው የገጹን ይዘትም ሆነ የይለፍ ቃላችሁን በቀላሉ ማየት አይችልም። የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈታችሁ ግን ሊታወቅ ይችላል። «ኢንኮግኒቶ» የሚባለውም የጎበኛችሁት ገጽ ስልኩ ላይ ተመዝግቦ እንዳይቀር ያደርጋል እንጂ ከዋይፋዩ ባለቤት አይደብቃችሁም። ስልኩ የታላቅ ወንድማችሁ ከሆነ ግን ይጠቅማችኋል! በቤተ መጻሕፍቱ ስም ማንም ሰው ከገዛ ስልኩ ዋይፋይ ሊከፍት ስለሚችል ትክክለኛውን ስም ሠራተኞቹን ጠይቁ። የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተር ከተጠቀማችሁ ደግሞ ፌስቡካችሁን ሳትዘጉ አትነሡ።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። ኤች አይ ቪን ከሰውነት ጠራርጎ የሚያወጣ፣ ከገበያ የሚገዛ መድኃኒት የለም። ማስታወቂያ ስታዩ «ይህን የጻፈው ማነው? የሚሸጠውስ ምንድን ነው?» በሉ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችላል። ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው ግን ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። በአገራችን መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል።

ሌሎቻችሁ ደግሞ «የኤች አይ ቪ ምልክቶች» ብላችሁ ትፈልጉና እንቅልፍ ታጣላችሁ። ትኩሳትና ድካም የጉንፋንም ምልክት ነው። በደማችሁ ውስጥ ያለውን የሚነግራችሁ ምርመራ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የተለመደው ፈጣን ምርመራ አዲስ የተያዘን ሰው እስከ ሦስት ወር ድረስ ላያሳይ ስለሚችል መቼ መደገም እንዳለበት የጤና ባለሙያውን ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም አስበልጣችሁ ያዙልኝ። መደፈርን ጨምሮ ለቫይረሱ የሚያጋልጥ ነገር ያጋጠመው ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል። ቶሎ በደረሰ ቁጥር ይሻላል። ስልኩ ላይ አፍጥጦ ሦስት ቀን ያሳለፈ ሰው ይህ ዕድል ያመልጠዋል።

ልጅቷ መድኃኒቷን አላቋረጠችም። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ክፍል ተመልሳለች። ልጁ ይቅርታ ጠይቋታል፤ እሷ ግን እስካሁን አላናገረችውም። እኔ አልፈርድባትም።

አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ። ወረቀት ይታደላችኋል፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም። ከኋላ ያላችሁ ደግሞ አደራ፣ የፊተኛው የሚጽፈውን አታንብቡ።