የዛሬን ሌሊት የማያይ ዕቅድ



አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ከጭብጦ ብዙም የማይበልጥ ንብረት ስለ ነበራቸው፥ ሆኖም መንግሥትን በፍርድ ቤት ስላቆሙ ሰዎች ነው።

ነገሩ የሆነው በደቡብ አፍሪካ፥ በኬፕ ታውን አካባቢ ዋለስዲን በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። ሕዝቡ በደሳሳ ጎጆዎች ተጨናንቆ ይኖር ነበር። የቧንቧ ውኃ አልነበረም፤ የቆሻሻ መውረጃም አልነበረም፤ ከመቶ ጎጆ መብራት የነበራቸው አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ መንግሥት ለሚሠራው ርካሽ ቤት ተመዝግበው ለዓመታት ተራ ጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. አንዳንዶቹ መታገሥ አቅቷቸው ባዶ በነበረ የግለሰብ መሬት ላይ ሰፈሩ። ባለመሬቱም ከሰሳቸው። በ1999 ዓ.ም. በግንቦት ወር ጎጆዎቻቸው በቡልዶዘር ፈረሱ፥ ተቃጠሉም። ወደ ቀድሞው ቦታቸው እንዳይመለሱ ሌሎች ይዘውታል። ስለዚህ 390 አዋቂዎችና 510 ሕፃናት ሜዳ ላይ ቀሩ፤ በስፖርት ሜዳው ላስቲክ ወጥረው ሳሉም የክረምቱ ዝናብ መጣባቸው።

ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ አይሪን ግሩትቡም ነበሩ። ክሱ የሚታወቀው በእርሳቸው ስም ነው። የአገሪቱ የ1996 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንም ሰው በቂ መኖሪያ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ መንግሥትም ባለው አቅም መጠን ይህን ደረጃ በደረጃ ለመፈጸም ተገቢ እርምጃ እንዲወስድ ያዝዛል። መንግሥት «ዕቅድ አለን፤ ቤትም እየሠራን ነው፤ ገንዘባችን ግን ውስን ነው» ሲል ተከራከረ። የተናገረውም ሐሰት አልነበረም።

የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ጥቅምት 4 ቀን 2000 ዓ.ም. በአንድ ድምፅ ፍርዱን ሰጠ። ፍርዱን የጻፉት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዐይነ ስውር የሆኑት ዳኛ ዛክ ያኩብ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዱ ሰው ወዲያው ቤት ይሰጠው አላለም፤ ገንዘቡ እንዴት ይደልደል ብሎም በመንግሥት ቦታ አልተቀመጠም። የጠየቀው «ዕቅዱ ተገቢ ነውን?» ብሎ ነው። መልሱም ይህ ነው፦ ለነገ ብዙ ቤት የሚሠራ፥ ነገር ግን ዛሬ ጣራ የሌለውን፥ እጅግ የተቸገረውን ሰው የሚረሳ ዕቅድ ተገቢ አይደለም።

የሕግ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አሜሪካዊው ካስ ሰንስታይን፥ ፍርድ ቤቱ የመንግሥትን ሥልጣን ሳይነጥቅ ድሀውን ስላሰበ አመሰገኑት። ደቡብ አፍሪካዊው ዴቪድ ቢልቺትዝ ግን፥ ለእያንዳንዱ ሰው ሊጓደል የማይገባውን ዝቅተኛ መጠን ስላልወሰነ ነቀፉት። ሁለቱም የሚያዩት አላቸው። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት የአስቸኳይ መጠለያ መርሐ ግብር አወጣ፤ ወይዘሮ ግሩትቡም ግን በ2008 ዓ.ም. የራሳቸው ቤት ሳይኖራቸው በጎጆ ሞቱ። መብት በወረቀት መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ ከደጃፍ መድረሱ ሌላ ነው።

እንግዲህ ይህ ለእኛ ምንድን ነው? ራሴን ልክሰስ። ጎርፍ ቤታቸውን የወሰደባቸው አንዲት አሮጊት ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። እኔም መዝገቡን ገልጬ፥ «እናቴ፥ የእርስዎ ቀበሌ ተራ በሚመጣው ዓመት ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ ዛሬስ የት ልደር?» አሉኝ። ዕቅዳችን ጥሩ ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኛ መንግሥት አይደለንም፤ ነገር ግን የእህሉንና የቆርቆሮውን ዝርዝር በእጃችን የያዝን ሰዎች በድሀው ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጠናል። ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። በየፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ተራ ለማይጠብቅ ችግር ጥቂትም ቢሆን ይቀመጥ። ስሙ ከዝርዝር የቀረ ሰው ምክንያቱ ይነገረው። ቅር ያለውም ከወሰነው ሰው ሌላ የሚሰማው ይኑር።

ዕቅዳችሁን ዛሬ ማታ ገልጣችሁ፥ የዚያችን እናት ጥያቄ ጠይቁት።