የአገልጋይ መሪነት መለኪያው ከማን ላይ ነው?

ወደዚህ ዝግጅት ከሚመጡት የአድማጮች ጥያቄዎች መካከል አንዱ ሳያቋርጥ ይመላለሳል፤ እርሱም አንድ የቤተ ክርስቲያን መሪ በእርግጥ አገልጋይ መሪ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። ጠያቂዎቹ መልሱን የሚፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ጠባይ ውስጥ ሲሆን፣ ረጋ ብሎ መናገሩን፣ ከጉባኤ በኋላ ወንበር ማንሳቱን፣ በር ላይ ቆሞ ምዕመናንን መሰናበቱን እንደ ምልክት ይጠቅሳሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ትሑት ጠባይ ያለው ሰውም ውሳኔን፣ ገንዘብንና መድረክን ጠቅልሎ ሊይዝ ስለሚችል ጥያቄው ሳይመለስ ይቀራል።

አገልጋይ መሪነት ማለት ሥልጣን ለተመሪው ዕድገት የሚውልበት አመራር ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970 በጻፈው ድርሰት ወደ አስተዳደር ጥናት ያስገባው አሜሪካዊው ሮበርት ግሪንሊፍ መለኪያውን ያስቀመጠው ከተመሪዎቹ ላይ ነው፤ የሚመሩት ሰዎች አስተዋይና ራሳቸውን የቻሉ ሆነው በተራቸው ሌላውን ወደ ማገልገል መድረሳቸው ይመረመራል። ለጰንጠቆስጤ አማኝ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 4 የተዘረዘሩት፣ አምስቱ አገልግሎቶች በመባል የሚታወቁት የሐዋርያ፣ የነቢይ፣ የወንጌላዊ፣ የእረኛና የአስተማሪ ስጦታዎች የተሰጡት ቅዱሳኑን ለአገልግሎት ሥራ ለማዘጋጀት ነውና።

የዚህን እውነትነት የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በመከራ ጊዜ አይተውታል። በሜኖናይት ሚስዮን ሥራ የተጀመረችው፣ በኋላም የጰንጠቆስጤው መነቃቃት በጥልቅ የነካት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ስትዘጋ አባላቷ አምስት ሺህ ገደማ ነበሩ። ሕንፃዎቿ ተወርሰው፣ ዋና ዋና መሪዎቿም ታስረው ሳለ ምዕመናኑ ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር፤ ቤቱ እየተቀያየረ፣ ዝማሬው በለሆሳስ እየተዘመረ፣ አንዳንድ ቦታም ለሚያየው ተራ ጥየቃ እንዲመስል ቡና እየተፈላ ቃሉ ይጠና ነበር። የሰው ቁጥር ሲበዛ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል፤ አዲሱ ቡድን ደግሞ መሪ ስለሚያስፈልገው ትናንት አድማጭ የነበረው ወጣት ወይም እናት ዛሬ አስተማሪ ይሆናል። በ1983 ዓ.ም. በሮቿ ሲከፈቱ የአባላቷ ቁጥር ከሠላሳ ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ለዚህ ዕድገት ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ ሆኖም ኃላፊነቱ በብዙ ትከሻ ላይ ማረፉ ከዋነኞቹ አንዱ መሆኑ አያጠራጥርም።

እዚህ ላይ ወቀሳው ለመሪዎች ብቻ ሳይሆን ለአድማጩም ይድረስ። ነጻነት ከመጣ በኋላ ራሱ ሊጸልይበት የሚገባውን ጉዳይ ሁሉ ይዞ ከአንዱ ነቢይ ወደ ሌላው የሚሮጥ፣ መጽሐፉን ሳይገልጥ ከኮንፈረንስ ወደ ኮንፈረንስ የሚመላለስ፣ የቤት ኅብረት እንዲመራ ሲጠየቅ ግን ጸጋው የለኝም ብሎ የሚሸሽ ምዕመን ጥቂት አይደለም። የተወደደው አድማጭ ሊያውቀው የሚገባው፣ በሌላው ሰው ቅባት እየተደገፈ ለዓመታት የሚኖር አማኝ ራሱን ችሎ መቆም እንደማይለምድ ነው። መሪውም ይህን ጥገኝነት ቢወድደው፣ የቱንም ያህል ዝቅ ብሎ ቢታይ፣ መንጋውን በሕፃንነት እያቆየው ነው።

ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ እንዳይጠቀለል የሚረዱ ነጥቦችም በአጭሩ ይጠቀሱ። አስራትና መባ የሚሰበስብ አገልግሎት ሒሳቡን ለምዕመናን ማሳወቅና በገለልተኛ ባለሙያ ማስመርመር ይጠበቅበታል። ትንቢትም በሌሎች ሊመዘን እንደሚገባ አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 14 ስለሚያስተምር፣ የተቀባ ሰው አይጠየቅም የሚለው አባባል መሸሸጊያ ሊሆን አይችልም። የሽማግሌዎች የአገልግሎት ዘመን ገደብ ይኑረው፤ ተተኪም በጊዜ ይዘጋጅ።

አድማጩ በመጪው እሑድ ወደ ሽማግሌዎቹ ቀርቦ፣ ባለፈው አንድ ዓመት በቤተ ክርስቲያኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማሩት፣ ኅብረት የመሩትና በውሳኔ የተካፈሉት እነማን እንደሆኑ በአክብሮት ይጠይቅ፤ የማንም ስም ካልተጠራም ራሱን ለአንዱ ሥራ ያቅርብ።